ሁለት ጧፍና የአባቴ ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ሱቅ ዕቃ እየለቀምኩ ሳለ አንድ ጎልማሳ ሰው በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «ሳምሶን የለም እንዴ?» አለኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው በዚያች ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ከሞተ አራት ወር እንደሞላው ለመናገር አፌን ስከፍት ሰውዬው ቀደመኝና ከፌስታል ውስጥ ነጭ ሪሞት አወጣ። የጨዋታ ማሽኑ ተበላሽቶበት ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖታል። ይህን በእጅ እየተወዛወዘ የሚያጫውተውን የማሽኑን ሪሞት ግን ኮምፒውተሩ አላውቀውም ብሎታል።

«የባትሪውን ክዳን ይክፈቱት» አልኩት። «ከውስጥ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች። ኮምፒውተሩ ሲፈልገው እሷን ይጫኑ።»

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ከዚያ ሙያ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም የተማርኩት በጭንቅ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ከአባቴ ጋር ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በስተጀርባ ባለ ፎቅ ቤት ሁለት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ወርቅ ሠሪ ነበር። ከሽምብራ ያነሰ የወርቅ አበባ በወረንጦ ይዞ ቀለበት ላይ ሲያሳርፍ ትንፋሹን ይይዝ ስለነበር እኔም አብሬው እይዝ ነበር። በአንድ የሐምሌ ጠዋት ሸሚዙን ሊቆልፍ ሲሞክር ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነበር። እግሩና ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀመጠ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት መሆናቸውን፣ እጁም በየቀኑ ብዙ ጊዜ መንቀሳቀስ እንዳለበት ነገረችኝ። አባቴ ደግሞ «አንሱ፣ አውርዱ» መባልን ጠላ። «እንደ መዋዕለ ሕፃናት!» ይል ነበር። በዚህ መሃል ከውጭ ለዕረፍት የመጣች ዘመዳችን ልጆቿ የጠገቡትን የጨዋታ ማሽን ትታልን ሄደች። ሪሞቱን መዳፉ ላይ በፋሻ አሰርንለት። ክንዱን ከትከሻው ሲያወዛውዝ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ የቴኒስ ኳስ ይመታል። ወደደው። ለዘጠኝ ቀን ያህል ሳልለምነው ተጫወተ።

ዘመዳችን ስትሄድ፣ «ማሽኑ የአሜሪካ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ እንዳትሰኩት» ብላኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ጠፍቶ የዋለው መብራት መጣ። መልሶ ከመጥፋቱ በፊት ላጫውተው ብዬ ተቻኮልኩና ሶኬቱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጠሽ አለ። ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አባቴ ፊቴን አየና፣ «እንኳን አንቺን አልያዘሽ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑን ታቅፌ በዝናብ እየሮጥኩ የገባሁት ያኔ ሳምሶን ተቀጥሮ ወደሚሠራባት ወደዚያች ሱቅ ነው። ፈትቶ አየው።

«ነፍሱ ወጥታለች» አለኝ። «ሪሞቱ ግን ጤነኛ ነው። ኮምፒውተር አለሽ?»

«አሮጌ ላፕቶፕ።»

«ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም እንጭንበታለን። ላፕቶፑ ‹እኔ ያ ማሽን ነኝ› ብሎ ይዋሻል፤ ጨዋታውም ያምነዋል። በኪቦርድ መጫወት ትችያለሽ።»

«ኪቦርድ ለአባቴ ምን ያደርግለታል? እጁ መወዛወዝ አለበት!» አልኩና እዚያው ባንኮኒው ላይ አለቀስኩ። ሳምሶን የሚያደርገው ጠፍቶት መፍቻውን ሸሚዙ ላይ ይጠርግ ጀመር። «በቃ፣ በቃ» አለ በመጨረሻ፤ «ራሱን ሪሞቱን እናስዋሸዋለን።»

ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ቤታችን እየመጣ ታገለው። የሪሞቱ አራት ሰማያዊ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አንዷ ቀጥ ብላ ስትበራ ተገናኘ ማለት ነው፤ ወዲያው ትጠፋለች። ደክሟል ብዬ ባትሪ ድንጋዩን በጥርሴ ነክሼ መለስኩት። ሳምሶን ሳቀና በማግስቱ አዲስ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ከባትሪው ክዳን ሥር ያለችውን ቀይ ቁልፍ አግኝቶ ሲጫን አንዷ መብራት በርታ ቆየች። ግን ቴኒሱን መርጦ ለመጀመር በሪሞቱ ስክሪኑ ላይ መጠቆም ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሚያገለግለው ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ዘንግ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከሞተው ማሽን ነበር። እኔ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሳምሶን ግን «ሻማ አለሽ?» አለኝ። «ሪሞቱ የሚፈልገው ሁለት የሚሞቅ ብርሃን ነው። ግራና ቀኝ ከለኮስንለት ከዘንጉ አይለየውም።»

ሻማ አልነበረንም። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች የጊዮርጊስ ሰው ናቸውና ከእሳቸው ሁለት ጧፍ ለምኜ መጣሁ። አባቴ ወንጌላዊ አማኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ጧፎቹ ከላፕቶፑ ግራና ቀኝ በብርጭቆ ቆመው ሲነዱ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«አርባ ዓመት ያመለጥኩት ጧፍ በኮምፒውተር በኩል መጣብኝ?»

እትዬ አስናቀች ለምን እንደፈለግነው ለማየት ተከትለውኝ ኖሮ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ጋሽ ተፈራ፣ በመጨረሻ ተመለሱ?» አሉት።

«ኧረ የተመለሰው ኮምፒውተሩ ነው፤ እኔ የለሁበትም!»

ሳምሶን ጨዋታውን አስጀመረና ሪሞቱን አሰረለት። አባቴ ክንዱን ወረወረ፤ ኳሷ አለፈችው። ደግሞ ወረወረ። ሦስተኛዋን መታት። እትዬ አስናቀች እልል አሉ።

መስከረምና ጥቅምት እንዲህ አለፉ። ክንዱ እስከ ደረቱ ተነሳ፤ ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። እኔ በየሳምንቱ ወረንጦውን ጣቶቹ መሃል አስገባለሁ፤ ወረንጦው ይወድቃል። «በሚቀጥለው ሳምንት» እለዋለሁ። ወራቱን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ሌሊት እየባነንኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ማየት እየፈራሁ ኖርኩ።

አንድ ቀን፣ ከሳምሶን ጋር ማታ ማታ ከምንሄድበት ኬክ ቤት ሦስት ኬክ ይዤ ደረጃውን ስወጣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ጣቶቼ እንደማይመለሱ ካወቅሁ ቆየሁ፣ ሳምሶን።»

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ፣ ጋሼ?»

«‹ማሽኑን ስላቃጠልኩ ነው› ብላ ይዛዋለች። ዛሬ ብተወው ዕድሜ ልኳን ይዛው ትኖራለች። ለእሷ ስል ነው የምወረውረው።»

ተመልሼ ወረድኩ። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ ታክሲ ረዳቶቹ እየጠሩኝ፣ እስከ ታች ድረስ ሄድኩ። ስመለስ ኬኮቹ ካርቶኑ ውስጥ ተጨፍልቀው ነበር። በሩን ከፍቼ፣ «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» አልኩ።

«እኔ ነኛ!» አለ አባቴ።

በሽንፈቱ ሳምሶን ላይ እየቀለድን የተጨፈለቀውን ኬክ በማንኪያ በላን። ከዚያ በኋላ ወረንጦውን አላወጣሁትም። አባቴም እስከ ሕይወቱ መጨረሻ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ከሰዓት ተጫወተልኝ። ሱቁ የሳምሶን፣ ሳምሶንም የእኔ ሲሆኑ አየ።

ይህን በቀን ጥቂት መስመር እያልኩ ነው የጻፍኩት። ሳምሶን በታመመ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምግብ በጉሮሮው አይወርድለትም ነበር። ግን ሾርባውን በማንኪያ ስይዝለት አፉን ይከፍታል። ይውጣል። ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ «ጣፍጧል» ይለኛል። አባቴን ያን ያህል ዓመት አይቼ ስለነበር ምን እያደረገልኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። እኔም እንዳላወቀ ሰው ሌላ ማንኪያ እሞላ ነበር። መተው ነበረብኝ? አሁንም አላውቅም።

ሁለቱም ለእኔ ሲሉ የማይችሉትን ቻሉ። እኔ ግን ለማን ስል እንደምችል አጣሁት። ዛሬ ጠዋት ቁርስ አቅርቤ ተቀመጥኩ። አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩ፤ የሚያየኝ ስለሌለ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።