የአባቴ ምርቃት በሦስት ጊጋ

ሰበታ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከሰበታ የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። አባቴ ካረፈ እሑድ ዓመት ይሞላዋል፤ ሙት ዓመቱም የሚታሰበው ሱሉልታ፣ እናቴ ቤት ነው። እናቴ ከእኔ የጠየቀችው እህል ወይም ገንዘብ አይደለም። በስልክ፣ “እህትህ የተዳረች ቀን አባትህ የመረቀውን አምጣልኝ። እኔ ያን ጊዜ ጓዳ ነበርኩ፣ አመለጠኝ” ብቻ ነው ያለችኝ።

የሠርጉ ፊልም እቤት አለ። ያቀናበረው ሰው ግን ምርቃቱን ቆርጦ ጥሎ በቦታው ጭፈራ ሞልቶበታል። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ቡራዩ ድረስ ሄጄ ሠርጉን ከቀረፀው ሰው እጅ መቀበል ነበረብኝ። ችግሩ ደግሞ ፋይሉ አሥራ አራት ጊጋ መሆኑ ነው። የእናቴ ሪሲቨር ከአራት ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የካሜራውንም ፎርማት አያውቀውም። መለወጥም ማሳነስም ያስፈልግ ነበር።

እኔ የፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቴን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ቪዲዮ የሚያሳንስ ሶፍትዌር ሳማርጥ ከረምኩ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ጎትቶ ገብቶ ማሽኑን አደነዘዘው። ሁለተኛው ፈጣንና ቆንጆ ነበር፤ ስላልከፈልኩበት ግን በምስሉ መሀል የራሱን ስም በትልቁ ለጠፈ። የሞከርኩት የባልደረባዬ ልጅ የልደት ቪዲዮ ላይ ስለነበር ስሙ ያረፈው ልጅቷ አፍንጫ ላይ ነው። ሦስተኛው ዘገምተኛ ነው፤ የሚስተካከለው ነገርም ብዛቱ ያሰለቻል። ይሁን እንጂ ነፃ ነው፣ ስምም አይለጥፍም፣ ምስሉንም አያደበዝዝም። እሱን መርጬ በአሥራ ስድስት ጊጋ ፍላሽ ላይ ያዝኩት። በዚያች ሳምንት የቢሮው ሰው ሁሉ እየመጣ ያማክረኝ ጀምሮ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

ታክሲያችን ገና ከመነሣቱ ቆመ። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘንጋቸውን እየነካኩ አስፋልቱን ይሻገሩ ነበር። ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሰዓቴን አየሁና ሹፌሩ ቶሎ እንዲነዳ ተመኘሁ።

ቡራዩ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ከአየር ጤና ወደ ዊንጌት፣ ከዊንጌት ወደ ቡራዩ። ሰልፍ፣ አቧራ፣ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ። ረዳቱ መልስ ስጠይቀው “ዝርዝር የለም” ብሎ ፊቱን አዞረ፤ እኔም ጠብ ለመግዛት ጊዜ አልነበረኝም።

ሠርጉን የቀረፁት ኦቦ ቶሎሳ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። የስቱዲዮአቸውን ግማሽ ለሲሚንቶ ነጋዴ አከራይተውታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ የሲሚንቶ ብናኝ ለብሰው ግራጫ ሆነዋል።

“አከም ጂርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ?”

“ፈያ፣ ፈያ። ግባ። የአባትህ ነገር እንዴት ያሳዝናል፣ ደግ ሰው ነበር።”

“ምርቃቱን ያስታውሱታል?”

ሳቁ። “ካሜራ ከያዝኩ ጆሮዬ አይሠራም፣ ልጄ። የማየው ብርሃኑን ነው።”

አንድ አሮጌ ዲስክ ሰክተው ሲፈልጉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ተገኘ። ኮፒ ያደርጉልኛል ብዬ ስጠብቅ ከዲስኩ ጨርሶ የሚያነሣውን “ከት” የሚለውን ተጫኑ።

“እርስዎ ጋ አይቀርም?”

“ሁለት ዓመት ጠበቅኳችሁ። አዲስ ሠርግ የማስቀምጥበት የለኝም። ይዘኸው ሂድ፣ ከእንግዲህ ያንተ ነው።”

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። የሰውን ሠርግ የሚያኖሩት የሌላ ሰው ሠርግ እስኪመጣ ነው። አምስት መቶ ብር ከፍዬ፣ ፍላሹን በውስጥ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አባቴ በዓለም ላይ የቀረው እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ሱሉልታ፣ ስምንት ሰዓት

አዲሱ ገበያ ላይ ሽሮ በልቼ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ተራራውን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ከዚያ ሜዳው ይዘረጋል። ልጅ ሆኜ ሳር ብቻ የነበረው ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ አጥርና ያላለቀ ፎቅ ነው። ከወረድኩ በኋላ ነው ወደዚህ ከመጣሁ ስምንት ወር እንዳለፈኝ የቆጠርኩት። በየሳምንቱ ስለምደውል የሄድኩ ይመስለኝ ነበር።

ሜሮን የምትባል ሴት ፎቶ ኮፒና ፊልም ጭነት የምትሠራበት ሱቅ አላት። ፋይሉን ስታይ የራሷን ፕሮግራም ከፈተች።

“በሃያ ደቂቃ አወጣልሃለሁ” አለች።

አንድ ደቂቃ አሠርቼ አየሁት። የአባቴ ፊት ተቀቅሎ የተላጠ ድንች መስሏል። “ይሄማ አይሆንም፣ የእኔን ጫኚ” አልኳት።

“ያንተ ሁለት ሰዓት ይላል እኮ። መብራት ቢጠፋስ?”

“እጠብቃለሁ።”

ቁጥሮቹን እኔው ራሴ አስተካከልኩ። ሦስት ጊጋ ይበቃዋል፣ የሚቆጠበው ሁሉ ለምስሉ ይሁን አልኩ። ከመጀመራችን በፊት ድምፁን ለመፈተሽ ከፈተችው። ንፋስ ይሰማል፤ ከሩቅ የአባቴ ድምፅ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። በላዩ ላይ ግን ካሜራው ሥር የቆመ አንድ ሰው ይለፈልፋል። “ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ሙሽራዋን ጨምራት፣ ሰውዬው ይቆይ።”

ሰውዬው የተባለው አባቴ ነው። የሚለፈልፈው እኔ ነኝ።

ፊቴ ጋለ። ነገ ቄሱ፣ ጎረቤቱ፣ የእህቴ ባል ዘመድ ተሰብስቦ ይህን ሊሰማ ነው። ሜሮን የሚናገረው እኔ መሆኔን አላወቀችም።

“ይሄ ሰውዬ አበላሽቶታል። ድምፁን ላጥፋውና በገና ላስገባበት? ለሙት ዓመት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሠራው” አለች።

“አጥፊው” አልኩ።

ሁለት ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ምስሉ እንዳሰብኩት ጠርቶ ወጣ፤ የአባቴ የጋቢ ጥለት እንኳን ይቆጠራል። ሜሮን ሪሲቨሩ እንዲያነበው ፍላሹ ፎርማት መደረግ እንዳለበት ነገረችኝ። ዋናው ፋይል ማለትም ያ አሥራ አራት ጊጋ ይጠፋል፤ የእሷ ኮምፒዩተር ደግሞ ከሦስቱ ጊጋ በላይ የሚይዝ ቦታ የለውም።

“ላድርገው?”

“አድርጊው።” ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ።

እናቴ ቤት፣ እሑድ

ቅዳሜ ማታ ስደርስ እናቴ ከመደቡ አልተነሣችም። ቁጭ እንዳለች ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጢሜን ዳሰሰች። ናፍቃኝ ነው አልኩ። “ከሳህ” አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጸሎቱ ካለቀና ሰው በልቶ ካበቃ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። አባቴ መጣ። በገናው ይመታል፣ አባቴ እጁን ዘርግቶ ይናገራል። ሰዎቹ “ውይ፣ ቁጭ ራሱን! እንዴት ያለ ጥራት ነው” ሲሉ ደረቴ ተነፋ። እናቴ ከፊት ተቀምጣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች።

“መቼ ነው የሚናገረው?” አለች።

“እየተናገረ ነው እኮ እማዬ። እጁን አየሽው?”

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ዓይኗ ግን እኔ ከቆምኩበት ትንሽ አልፎ ግድግዳው ላይ ቆመ።

“በገናውን አጥፋና አባትህን አሰማኝ” አለች።

እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳ ወሰደችኝ። እናታችንን የያዛት የዓይን ግፊት ነው አለች። አንደኛው ዓይኗ ከክረምት በፊት ሄዷል፣ ሌላውም ከሦስት ወር ወዲህ ጨልሟል።

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“እሷ ከለከለችን። ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላ።”

ጥዬ እንደማልመጣ እህቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ተመልሼ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳት። “የእኔ ድምፅ ስላሳፈረኝ የእሱን አጠፋሁት” አልኳት። ነጠላዋን ሰበሰበች።

መልስ

ከሰዓት በኋላ ሜሮን ጋ ሄድኩ። በሱቋ በር ላይ ጠብቄ አስከፈትኳት። የጠፋ ፋይል የሚያነሣ ፕሮግራም ከፍታ ፈለገች፤ የፋይሉ ስም ተገኘ። ስንጫነው ግን አይከፈትም። አዲሱ በላዩ ላይ ተጽፎበታል።

“ጠይቄህ ነበር እኮ” አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሉም ጠይቀውኛል፣ ሁሉንም አድርጉት ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰበታ የደረስኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ምንድን ነው ብዬ በታክሲው ውስጥ ሳሰላስል መጥቻለሁ። የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ዛሬም ለጠየቀኝ መናገር እችላለሁ። ሳምንት ሙሉ ሳማርጥ ግን ለማን እንደማዘጋጀው ልብ ብዬ አላየሁም። አንድ ቀን ሄጄ ፊቷን ባየው ኖሮ ምስሉ ቀርቶ ድምፁን ይዤላት እሄድ ነበር። በራሴ አፍሬአለሁ፤ በራሴም ተናድጃለሁ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

“ደረስክ?”

“ደረስኩ እማዬ።”

“እህትህ ያን ቀን ታለቅስ ነበር፣ ከምርቃቱ ምንም አልያዘችም። አንተ አጠገቡ ነበርክ። ምን አለ?”

ወደ ግራ፣ ወደ ግራ የሚለውን የራሴን ድምፅ ነው የማስታውሰው። “ውለዱ ክበዱ አለ” አልኳት።

“እሱንማ ሁሉም ይላል” አለች፤ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ።

“ሌላስ?”