አጎቴ የወለወሉት ሳህን

ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ ግን አልዋሽም፣ አጎቴ ነዝናዛ ነበሩ። አቧራ ካዩ አያስችላቸውም፤ የሰው ትከሻ ሳይቀር በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንድ በጋ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መንደራችን ጋፋት መጥታ፣ ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ ልታጠና ግቢያችን ምሰሶ ላይ ነጭ ሳህን አስቀመጠች። በወሩ ስትመለስ ሳህኑ ያብለጨልጫል።

«አባባ፣ አቧራው የት ሄደ?»

«የእንግዳ ዕቃ አቆሽሼ ልመልስ? በየጠዋቱ ስወለውለው ከረምኩ እንጂ!»

«የወር ሥራዬን እኮ ጠረጉት!» ብላ ራሷን ያዘች፤ ቆይታ ግን ሳቋ አመለጣት።

ሁለተኛውን ወር አጎቴ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ቀብረው፣ «ፈተና ነው ልጄ» እያሉኝ ጠበቁላት። አቧራዋን ወሰደች፤ ሳህኑን ለእሳቸው ተወችላቸው።

ከቀብራቸው ወዲህ ሳህኑን የሚጠርገው የለም። ጎልምሼ ፊደል የቆጠርኩት እኔ፣ ዛሬ አቧራው ላይ ስማቸውን በጣቴ ጻፍኩ። ወዲያው ሲቆጡኝ ታዩኝና፣ እየሳቅኩ በጋቢያቸው ወለወልኩት።