የሙከራው ቀን ስልኮች

ኔሬይዳ እንጀራዋን የምታገኘው በማበላሸት ነበር። በቬራክሩዝ ወደብ፣ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ሌሎች ለፍተው የሠሩትን ሶፍትዌር እየነካካች፣ እያጣደፈች፣ እያደናገረች የት ላይ እንደሚወድቅ ትፈልጋለች። ባልደረቦቿ «ነገረኛዋ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ፈታሽ ነገረኛ ካልሆነ ደመወዙን በከንቱ ነው የሚበላው።

ነገረኛነቱን ያመጣችው ከትውልድ ከተማዋ ከአልቫራዶ ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጅ ለወዳጁ ሰላምታ ሲሰጥ ስድብ ካልቀላቀለበት ተቀይሞ ነው ይባላል። አባቷን ገና ሕፃን ሳለች የሰሜኑ ነፋስ ከነጀልባው በልቶባታል። ያሳደጓት የክርስትና አባቷ ፊደንሲዮና ሚስቱ ካስቱላ ናቸው፤ አባባና እማማ እያለች ነው ያደገችው። ፊደንሲዮ ሸምግሎም ባሕሩን አልተወም፤ የሰሜኑ ወራት በመጣ ቁጥር ኔሬይዳ ትሰጋለች። ስለዚህ ድርጅቷ ማዕበል ሲመጣ ስልክ ላይ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሊሠራ ሲነሣ፣ ሌሎቹ ስለ ገበያው ሲያወሩ እሷ የምታስበው ያን አንድ ሽማግሌ ነበር።

ቢሮ ያሉት መሞከሪያ ስልኮች ሁሉ አዳዲስ ናቸው። «ይሄ አይበቃም፣ በሰዎቹ በራሳቸው ስልክ ይሞከር!» ብላ ድርቅ አለች። አሳመነቻቸውና የሶፍትዌሩን የሙከራ ቅጂ ይዛ አልቫራዶ ገባች።

በቀጠሮው ቅዳሜ ዓሣ አጥማጆቹ የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ። ገላቸውን ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው መጡ። የዓሣ ሽታ ለወጉ እንኳ አልነበረም።

«አንተ ፊደንሲዮ፣ ልትዳር ነው እንዴ?» አለው አበልጁ ክሪስፒን።

«ብዳርስ? ያንተን የመሰለ ፊት ይዞ ያገባ ሰው አይደለም እንዴ ከፊቴ የቆመው!»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ፊደንሲዮ ከኪሱ የሚያብረቀርቅ ስልክ አወጣ።

«አባባ፣ ስልክ ቀየርክ እንዴ?» አለች ኔሬይዳ።

«አንቺ ብቻ ነሽ የምትዘምኚው?»

ኔሬይዳ ደስ አላት። ቅጂውን በየስልኩ ጫነችና የሙከራውን ማስጠንቀቂያ ላከች። ስልኮቹ አንድ ላይ ጮኹ። ውሾች ፈረጠጡ፣ አብረው የመጡት ሴቶች አማተቡና መልሰው ሳቁ። ከዚያ ሽሪምፕ የገባበትን መረቃም ሩዝ እየበሉ ዋሉ። ኔሬይዳም ለቢሮዋ «ይሠራል» ብላ ጻፈች።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ማስጠንቀቂያው የምር ተላከ። ፊደንሲዮ ጀልባው ላይ ነበር፤ ክሪስፒን ዳር ቆሞ መረብ ይጠግናል።

«አበልጅ፣ ይሄ አየር ደስ አላለኝም» አለ ክሪስፒን።

«ስልክህ ጮኸ?»

«ኧረ አልጮኸም።»

«የኔም አልጮኸም። የኔ ልጅ የሠራችው ዝም ካለ፣ አንተ ምን ያርበደብድሃል?» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ድሮ ቢሆን ሰማዩን ዐይቶ ይመለስ ነበር። ያን ቀን ግን ከሰማዩ ይልቅ ልጁን አመነ። ቀትር ሳይደርስ የሰሜኑ ነፋስ ወረደ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱን ባሕሩ ከቀናት በኋላ አሸዋው ላይ ተፋው።

ከቀብር መልስ የክሪስፒን ልጅ ያስሚን እያለቀሰች ኔሬይዳን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ያን ቅዳሜ ፊደንሲዮ የያዘው እኮ የኔን ስልክ ነው። የሱማ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ በላስቲክ ነው የሚያስረው። በኋላ ነው በራሱ ስልክ ላይ ያስጫነው።»

«አባትሽስ?»

«እሱም የአክስቴን ልጅ ስልክ ተውሶ ነው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ያልተዋሰው ደግሞ የሞላውን ፎቶ አጥፍቶ፣ ባትሪውን ሞልቶ ነው የመጣው። ሰው ፊት እንዲያ ያለ ስልክ ይዞ ይቀረባል እንዴ?»

ኔሬይዳ የፊደንሲዮን ዓይነት አሮጌ ስልክ ከገበያ ፈልጋ ገዛች። እሱ እንደሚያደርገው በፎቶና በድምፅ መልእክት አጨናነቀችው፣ ባትሪውን አደከመችውና ማስጠንቀቂያውን ላከች። ዝም። ስልኩ ጉልበቱን ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ያጠፋል፤ ማስጠንቀቂያውንም ከመጮሁ በፊት አንቆ ገድሎታል። ስልክ ሁሉ እንደ ሠሪውና እንደ ያዡ ጠባዩ ይለያያል፤ ይሄኛው ጠባይ በአዲስ ስልክ ላይ ጨርሶ አይታይም። ፈታሽ የምትፈልገው የሰውን ገመና ነው፤ ሰው ደግሞ ለሚያከብረው ገመናውን አያሳይም። የአልቫራዶ ሰዎች ኔሬይዳን አክብረዋት ነበር፤ ክብራቸውም ጎዳቸው።

ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት አልቆ ሰው ሲበተን፣ ካስቱላ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ኔሬይዳ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ስልክ የተዋስኩለት እኔ ነኝ። እሱ የራሱን ይዞ ሊወጣ ሲል ‹ልጅቷን ሰው ፊት ልታዋርዳት ነው?› ብዬ ከኪሱ ነጠቅሁት። የራሱን ይዞ ቢመጣ ኖሮ… ስህተቱን ታገኚው ነበር?»

ኔሬይዳ መልሱን ታውቃለች። ሌሎቹ ሁሉ ሲጮኹ የሱ ብቻ ዝም ይል ነበር፤ በዚያችው ቅጽበት ታገኘው ነበር።

«አላገኘውም ነበር፣ እማማ» አለች። «እንዲህ ያለ ስህተት በሙከራ አይገኝም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ካስቱላ ትክ ብላ አየቻት።

«እንደሱ ነሽ» አለች። «ስትዋሹ ሁለታችሁም መሬት መሬት ታያላችሁ።»

ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ኔሬይዳ እጇን ያዘቻት።