ታይሚ ሳይሞቅ የለቀቀችው ወንበር

ታይሚ ራውቲዮ መጀመሪያውኑ ያን የቢሮ ወንበር ለምን ተቀበለች? ከቤቷ ላይኛው ፎቅ ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ይህን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። አንዱ ወገቧን አሟት ነው ይላል። ሌላው ደመወዙ ነው ይላል። እሷ ራሷ ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ "ጠሩኝ፣ ሄድኩ" ትላለች፤ ይህ ደግሞ መልስ አይባልም።

ታይሚ ዘጠኝ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድታለች። እኛ ባለንበት፣ በአሜሪካ በሰሜን ሚቺጋን ዳርቻ፣ ሐይቁ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለ ዕረፍት በረዶ ይልክብናል፤ ስለዚህ ሰው ፓስተሩን ባያውቅ እንኳ መጥረጊያ የሚነዳለትን ያውቃል። ታይሚ ትልቅ፣ ፊቷ ቀይ፣ ሳቋ ከሞተር ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ታኅሣሥ ላይ የመንገድ ቢሮው አለቃ ድዌን ስልክ የሚቀበልና መኪኖቹን የሚያሰማራ ሰው ቢያጣ እሷን አስቀመጣት። ወንበሩ ይሽከረከራል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ ምሳ በሰዓቱ ነው። መኪናዋን ከደቡብ የመጣ አንድ ሰውዬ ለጊዜው ያዘላት።

ሥራው በአብዛኛው ቅሬታ መስማት ነበር። መጥረጊያ መኪና መንገዱን ሲከፍት የሰውን የግቢ መግቢያ ይደፍናል። ይህ የማይቀር ነው፤ ሰውም መደወሉ አይቀርም። ከእሷ በፊት የነበረችው ሴትዮ "እሺ፣ ሰምተናል" ብላ ስልኩን ትዘጋ ነበር። ታይሚ ይህ አልሆነላትም።

"መኪናችሁ ደጄ ላይ ተራራ ከምሮ ሄደ!" ይላል ከመንገዱ ጫፍ ብቻውን የሚኖረው ሽማግሌ፣ ጋሽ ሬይኖ። "በዚህ ዕድሜዬ እንደ ፍየል ልዝለል እንዴ?"

"ምን ያህል ይሆናል ጋሽ ሬይኖ?"

"እስከ ደረቴ!"

"የእርስዎ ደረት'ኮ ከመሬት ሩቅ አይደለም።"

"ስድብም ጨመራችሁ?"

ማታ ከሥራ ስትወጣ አካፋዋን ይዛ ሄዳ ጠረገችለት። እኛ ጋ በረዶ የጠረገልህን ሰው ቡና ሳታጠጣ አትሸኝም፤ ሄል የገባበት ዳቦም ይቀርባል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ወሬው ለመንደሩ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀም። ቅሬታ ያለው ሰው ታይሚን ያገኛል። ደዋዩ በዛ። ታይሚ በየማታው ሦስት አራት ቤት ጠርጋ፣ ሦስት አራት ቤት ቡና ጠጥታ ትመጣለች። ከዚያ እስኪነጋ ከታች ስትንጎራደድ ይሰማኛል።

"ቡናው ነው እንዴ?" አልኳት አንድ ጠዋት።

"ቡናውንማ ድሮም እጠጣ ነበር" አለች ዓይኗን እያሸች። "ቀኑን ሙሉ ሳልደክም ስለምውል ነው። ያቺ አንድ ሰዓት አካፋ የያዝኩባት ብቻ ናት ቀን የምትመስለኝ።"

በዚያው ሳምንት ድዌን ጠራት። "ሰውዬው መኪናውን በቋሚነት ይያዝ ወይስ አይያዝ? እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ። ከዓርብ በኋላ መመለሻ የለሽም።"

ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። የኛ ሰዎች የጀመሩትን ሥራ በረዶው ሳይቀልጥ አይተዉም። አያቶቻችን በመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሳል እያጣደፋቸው ጡረታ የጠበቁ ናቸው። ቶሎ የለቀቀ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ እሷ ደግሞ ገና ስድስት ሳምንቷ ነው። ልቆይ ብትል ወንበሩ ለዘላለም የእሷ ነው። ልሂድ ብትል የሰው አፍ አለ።

ረቡዕ ጋሽ ሬይኖ እንደ ልማዱ ጠዋት ደወለ። "እስከ ደረቴ!" ታይሚ በዚያ ቀን ስልኩ ጸጥ ስላለ ቀደም ብላ ወጣች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሽማግሌው ቤት ደረሰች። ያየችውን ስትነግረኝ ሳቋ ቃሏን ይቆራርጠው ነበር። የግቢው መግቢያ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጎ ጸድቷል። ጋሽ ሬይኖ ከጓሮው በረዶ በአካፋ እያመጣ መሐሉ ላይ ይከምራል።

"ጋሽ ሬይኖ! ምን እያደረጉ ነው?"

ሰውዬው አካፋውን ተደግፎ ቆመ። "ቀድመሽ መጣሽ" አለ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ሁሉ።

ቡናው ላይ ነው የተናገረው። "ድሮ ጎሕ ሳይቀድ ስታልፊ መብራትሽን ሁለቴ ብልጭ ታደርጊልኝ ነበር። እኔም ነቅቼ እጠብቅ ነበር። አሁን መኪናሽን የያዘው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስልክ ላይ ደግሞ ሳገኝሽ መርዶ የምትነግሪ ትመስያለሽ። ታዲያ ምን ላድርግ? በረዶ ከመርኩ።"

"እኔ'ኮ ትንሽ ልታገሥ ብዬ ነው።"

"ጠባብ ጫማ በትዕግሥት አይሰፋም፣ ልጄ። እግር ነው የሚበላሸው። ዳቦውን ብዪ።"

በማግስቱ ማለዳ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ድዌን ፊት ቆመች።

"መኪናዬን ስጠኝ።"

"ገና ስድስት ሳምንትሽ'ኮ ነው! ወንበሩ እንኳ አልሞቀም!"

"ሳይሞቅ ልነሣ ብዬ ነዋ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ይበል። ቆይቶ ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው።"

ድዌን ሳቅ እያመለጠው ግንባሩን አሸ። "ሁለተኛ ወደ ቢሮ አልጠራሽም፤ ደመወዝሽም ወደ ድሮው ይመለሳል። ስሚኝ፣ ነግሬሻለሁ።"

"ሰምቻለሁ። ተተኪ እስክታገኝ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ስልኩን እይዛለሁ። ማታ ማታ ግን የመኪናዬ ነኝ።"

ሰው እንደተባለው አወራ። አንድ ሳምንት ያህል "ሙቀቱ አልስማማት አለ" እያሉ ቀለዱባት፤ እሷም አብራ ቀለደች። ከዚያ ትልቅ በረዶ ጣለና ወሬው በረዶው ሥር ተቀብሮ ቀረ።

መኪናዋ ላይ የተመለሰችበት የመጀመሪያው ሌሊት ያው የዓርቡ ነበር። ከሐይቁ የመጣው ነፋስ መስኮቶቹን ሲደበድብ አደረ። ጎሕ ሲቀድ በጋሽ ሬይኖ ቤት በኩል መብራት ሁለቴ ብልጭ ሲል ከመስኮቴ አየሁ፤ ወዲያው የሽማግሌው የወጥ ቤት መብራትም ሁለቴ በርቶ ጠፋ። በኋላ እንደሰማሁት በሩ በእርግጥም ተደፍኖ ነበር፤ አልደወለም፤ እያፏጨ ራሱ ጠረገው።

ታይሚ ስትመለስ ቡትሷን ደረጃው ሥር ወርውራ ከማታ የተረፈ፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ የሚባል ቂጣ ቆማ በላች። ወንበሩን ለምን እንደተቀበለች ልጠይቃት ወርጄ ነበር። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ አንድ እጇ አሁንም መሪ እንደያዘ ታጥፏል። ጥያቄዬን ይዤ ተመለስኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ያን ቀን ከታች ስትንጎራደድ አልሰማኋትም።