አንቱ የተባለው ፒያኖ

ልጅ ሳለሁ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድም ጓደኛ አልነበረኝም። እናቴ አስተማሪ ስለነበረች ከጎጃም ስትዛወር ይዛኝ መጣች፤ የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት በሀዲይኛ ነውና ዳር ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አይገባኝም። እሷ የማታ ተማሪዎቿን አስተምራ እስክትጨርስ የምጠብቃት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከዘበኛው ከጋሽ ላምቦሬ ጋር ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ትታው የሄደችው አሮጌ ግራንድ ፒያኖ ነበር። ዝናብ ሲበዛ እርጥበቱ ቁልፎቹን ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ጋሽ ላምቦሬ አመሻሽ ላይ ከሰል ደጅ ያቀጣጥልና ጭሱ ሲወጣለት ፍሙን አስገብቶ፣ ከፒያኖው ራቅ አድርጎ ያስቀምጠውና ፍሙ አጠገብ ይቀመጣል። አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ነው፤ እኔን ሴቷን «አንተ» ይለኛል፣ ፒያኖውን ግን በዕድሜ ስለሚበልጠው አንቱ ይለው ነበር። «እሳቸው ብርድ አይወዱም» ሲል ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል።

ያኔ በፋኖስ ብርሃን ደጋግሞ የሚነግረኝ ተረት ፒያኖው ስለመጣበት ቀን ነው። የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ስለቀረ፣ እሱን ጨምሮ የአካባቢው የሌሞ ወረዳ ጎረምሶች በጥቁር ሸራ እንደተጠቀለለ በወሳንሳ ተሸክመውት ወደ ከተማ ይገባሉ። የገበያ ቀን ነበርና ያየ ሁሉ አስከሬን መስሎት ሸክሙን እያወረደ ተከተለ፤ ሴቶቹም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። አዳራሹ ውስጥ ሸራው ተገልጦ ፈረንጇ ነክታው ድምፅ ሲያወጣ ለቀስተኛው በር ሰብሮ ሊወጣ ምንም አልቀረው። እዚህ ላይ ጋሽ ላምቦሬ እንባው እስኪመጣ ይስቅና «እሳቸው ተነሡ» ይላል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከአዲስ አበባ አንድ ፒያኒስት መጥቶ የክላሲካል ሙዚቃ አቀረበ። ኪቦርድ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ እሱ ግን አሮጌውን ሞክሮ፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ አዲሶቹ ላይ አይገኝም ብሎ ፒያኖውን መረጠ። በመክፈቻው እኔም የሙዚቃ አስተማሪያችን ያስጠናችኝን አጭር ዜማ ተጫወትኩ። ከዚያ እሱ ሲጫወት ድምፁ በተቀመጥኩበት አግዳሚ አልፎ ሆዴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሲያልቅ ሰዉ ፒያኒስቱን ከበበ፣ ከፒያኖው ጋር ፎቶ ተነሣ። እኔንም የክፍሌ ልጆች መጥተው እንጫወት አሉኝ። ጋሽ ላምቦሬን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በሩ ጋ ጠብቆኝ፣ «ዛሬም ፍም አለ፣ ና» አለኝ። «ነገ» አልኩትና ከልጆቹ ጋር ሮጥኩ።

ነገ ያልኩት ወር አለፈው። ልጆቹ ሲያኮርፉኝ ጊዜ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ጋሽ ላምቦሬ ብቻውን ፍሙ ጋ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

«እሳቸው ስለ አንተ ጠየቁ» አለኝ። «ያ ልጅ ለምን ቀረ አሉኝ። እኔ ምን ልበላቸው?»

አፍሬ ወደ ፒያኖው ዞርኩና ይቅርታ አልኩት። ጋሽ ላምቦሬም ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

ዛሬ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከሥራ ስመለስ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ምሽት አጠገቡ ስቀመጥ፣ ጋሽ ላምቦሬ ቤቱ ሲገባ በር የሚከፍትለት ሰው ይኑረው አይኑረው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።