ማድረቂያው አልጋ ላይ የፈታሁት ቅኔ

ቴፒ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ፎርማኑ እጄን ይዞ የተፈለፈለው ቡና በሚብላላበት ገንዳ ውስጥ ነከረው። «እሸው» አለኝ። «ካሟለጨህ ገና ነው። እንደ ጠጠር ከሻከረህ ውሃ ልቀቅበት።» ሰባት ዓመት እጄ ከዚያ ገንዳ አልወጣም። የፈረቃ ኃላፊም ሆንኩ።

አንድ ዓመት በለቀማው ወቅት የውሃው ፓምፕ ቆመ። ሊበላሽ እንደተቃረበ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አስታውቄ ነበር። ሁለት ቀን ውሃ ጠፋና ገንዳ ሙሉ ቡና ሸተተ። ለዚህ በተጠራ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ እያመለከቱ «የጓዱ ንዝህላልነት ነው» አሉ። የጻፍኳቸውን ማስታወቂያዎች ያነሣ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

በማግስቱ ከለቃሚዎቹ ሴቶች ጋር የታጠበው ቡና በሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆሜ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እንድለቅም ተመደብኩ። ፀሐዩና የወገብ ሕመሙ ይቻላል። ያደከመኝ ትናንት «አለቃ» ይሉኝ የነበሩት አይተው እንዳላዩ ማለፋቸው ነው። ቤቴ ስገባ ለመናገር እንኳ አቅም አልነበረኝም።

አንድ ረፋድ፣ በልጅነቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ መፍታት ያቃተኝ የቆየ ቅኔ አፌ ላይ መጣ። ያኔ የኔታ «ድንጋይ ራስ!» ብለው ከጉባኤው አስነሥተውኛል። ሰሙ ግብር በሚበላበት አዳራሽ ደጃፍ ማስታጠቢያ ይዞ ስለቆመ ሰው ነው። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ ፊቱን የሚያይ የለም። ፍሬ እየለቀምኩ ቃል በቃል አላመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ወርቁ ወጣልኝ። ቁልፉ «ቆመ» የሚለው ግሥ ነበር። ደጅ ቀረ ማለት ብቻ አይደለም፤ ጸና፣ አልወደቀም ማለትም ነው።

አጠገቤ የምትለቅመው ዘነበች፣ የቤንች ሰው ናት፣ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያጉተመትሙት? ጸሎት ነው?» አለችኝ።

«ቅኔ ነው» አልኩና ነገርኳት።

ጥቂት ለቀመችና «ውሃውን ሳይደፋ ከቆመ ጥሩ ሠራተኛ ነው» አለች።

ሳቅኩ። ከስብሰባው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል የተተየበ ወረቀት ነበር።

«ፈርምና ነገ ወደ ፈረቃህ ተመለስ።»

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ፓምፑ አስታውቄአለሁ። አልፈርምም።»

«እንግዲያው እዚያው ትቀራለህ!»

«እቀራለሁ።»

ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ የገባኝ ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ፈረቃዬ አልተመለስኩም። ጡረታ እስክወጣ ለቃሚ ነበርኩ፤ ድካሙም አልቀነሰም። ሌሎች ቅኔዎችም እያስታወስኩ ፈታሁ። ያልፈታኋቸውም አሉ።

ዛሬም በሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ማዕረግ የሚሰጠውም የሚነሳውም መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰው የራሱን ዋጋ የሚያውቅበት፣ ከሥራው ውጭ የሆነ ነገር ይኑረው።