አፈር ታቅፌ ወደ መገናኛ

አፈር ታቅፋችሁ ታክሲ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የአፈር ተመራማሪ ስለሆንኩ ልማዴ ነው። ያን ቀን እንጦጦ ላይ፣ ባህር ዛፍ ተነቅሎ ገብስ ከተዘራበት ማሳ የወሰድኩትን አፈር በላስቲክ ቋጥሬ ወደ መገናኛ እየወረድኩ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ላስቲኩን ነካ አድርገው እጃቸውን ሳሙ።

«የእንጦጦ እምነት ነው አይደል ልጄ? ለዚህ ጉልበቴ እስቲ ቆንጠር አድርጊልኝ።»

ከጸበል ቦታ የሚመጣው፣ ሕመምተኛ የሚቀባው አፈር መስሏቸዋል። ዝም ብል ማታለል፣ እውነቱን ብናገር በሰው ፊት ማሳፈር ሆነብኝ። ይባስ ብሎ «ለእኔም፣ እህቴ» የሚል ድምፅ ተሰማና ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተዘረጋ። ሾፌሩ ሳይቀር ዘፈኑን ቀነሰ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተራ የእርሻ አፈር ነው» አልኩ በሹክሹክታ። «ምን እንደጎደለው፣ ምን ቢደረግለት እንደሚያገግም ላቦራቶሪ ልናየው ነው።»

ይቀየሙኛል ብዬ ስሳቀቅ ወደ ላስቲኩ ጎንበስ አሉ።

«አፈርም ይመረመራል?»

«አዎ፣ ይመረመራል።»

ከጉያቸው ያረጀ መሐረብ አወጡና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ውስጡ እፍኝ የማትሞላ ጥቁር አፈር አለች።

«መሪ ሰፈር ጤፍ እንዘራባት የነበረች ማሳችን ናት። ለኮንዶሚኒየሙ ሲቆፍሯት ነው የዘገንኳት» አሉና መሐረቡን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «በሞቴ ልጄ፣ መርምሪያትና ንገሪኝ፤ አሁንም ነፍስ አላት?»